ከዩኒቨርሲቲ የወረደው የታሪክ ትምህርትና የመምህራኑ ስንቅ

በአገራችን ስለ ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የተማሪው ብዛት፣ የትምህርት ቤቱ ቁጥርና የፈተናው ውጤት ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ተመርቆ ከተመደበ በኋላ የሚያስተምረውን ዕውቀት ከየት እያደሰ እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። መሐንዲስ ስለ ታሪክ መምህር ምን አገባው የሚል የሙያ ባልደረባ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና ጉዳዩ ከብዙዎቻችን የትምህርት ዘመን ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼንም በይበልጥ የማወጣው ከግሽ ዓባይ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው።

እንደሚታወቀው፥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሁለት ከፈለው። 9ኛና 10ኛ ክፍል አጠቃላይ ትምህርት፥ 11ኛና 12ኛ ክፍል ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ መሰናዶ ሆነ። መሰናዶው በ1994 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፥ ቀድሞ «ፍሬሽማን» እየተባለ ይሰጥ የነበረው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ቀርቶ የአብዛኞቹ የዲግሪ ትምህርቶች ዕድሜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዝቅ አለ። በዚያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደ መሰናዶ ወርዷል ተባለ። በሌላ አነጋገር፥ እስከዚያ ድረስ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይሰጥ የነበረው የታሪክ ትምህርት በወረዳ ከተማ በሚገኝ አንድ መምህር ጫንቃ ላይ ዐረፈ። ለመሰናዶ መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገዋል የሚል መመዘኛ ቢወጣም፥ በየገጠሩ ክፍለ ጊዜውን የሸፈኑት በብዛት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው መምህራን ነበሩ። መጽሐፉ ወረደ፤ ፈተናው ወረደ፤ ተማሪውም ሁለት ዓመት በቀዬው ቆየ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ሴሚናሩና የባልደረባ ክርክሩ ግን አብረው አልወረዱም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። በመሰናዶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የገባ ተማሪ ታሪክ አይማርም ነበር። ስለሆነም ከ1996 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከመሰናዶ ወደ ምሕንድስና የገባ ወጣት የመጨረሻውን የታሪክ ክፍለ ጊዜ ያሳለፈው በ10ኛ ክፍል ነው። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የምንገኝ፥ በየወረዳው መንገድ የምንቀይስ፣ ድልድይ የምንገነባና የመስኖ ቦይ የምናወጣ ሰዎች የዚያ ዘመን ልጆች ነን። ስለ አገራችን ያለፈ ኑሮ የምናውቀው ሁሉ፥ ራሳችን ካነበብነው በቀር፥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በያዘው ስንቅ ልክ የተቆረሰልን ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ስንቅ በቀደመውም ዘመን የተሟላ አልነበረም። በ1950ዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ፤ በእንግሊዝኛ የሚቀርበው የዓለም ታሪክም ከአውሮፓ መጻሕፍት የተቀዳ ነበር። የአገራችንን ታሪክ በአማርኛ ለማንበብ የሚፈልግ ተማሪ የሚይዘው በዋናነት የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያን መጻሕፍት ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ሲደነገግ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ በመምህርነት ተሰማሩ። በእኔ አስተያየት ይህ አገልግሎት ከታሰበለት በላይ የሠራ ነገር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው የንባብ ክፍል የወጣ ወጣት ከነትኩስ ዕውቀቱ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተማ ይመጣ ነበርና። በስድስት ኪሎ የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየሰበሰበ ለመምህርነት ያዘጋጅ ነበር። በዩኒቨርሲቲና በሁለተኛ ደረጃ መካከል ቀጭን ቢሆንም ድልድይ ነበረ ማለት ነው። ባሕር ዳርም በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፈተላት፤ ይኸው ተቋም ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለምዕራብ ጎጃም መምህር የክረምት ትምህርት በአቅራቢያው የተገኘለት በዚህ መንገድ ነው።

የክረምቱን ትምህርት ጥቅም ማቃለል አይገባም። ዲፕሎማ የነበረው መምህር ዲግሪ፥ ዲግሪ የነበረው ሁለተኛ ዲግሪ ይዞበታል። ነገር ግን ክረምቱ የደረጃ ማሻሻያ እንጂ የሥራ ላይ ስንቅ አልነበረም፤ መምህሩ ከተመረቀ በኋላ በሩ ይዘጋል። በሥራ ላይ ላለው መምህር የታሰበው ሌላ ነው፤ ስሙም ተከታታይ ሙያዊ ማጎልበቻ ይባላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በኋላ በተሻሻለው ማዕቀፍ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚህ ተግባር ማዋል አለበት። 60 ሰዓት ጥቂት አይደለም፤ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ውስጥ በይበልጥ የተወራው ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ስለ ተከታታይ ምዘናና ስለ ክፍል አያያዝ ነው። የፊዚክሱም፣ የስፖርቱም፣ የታሪኩም መምህር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያንኑ ቅጽ ይሞላሉ። ተማሪን በቡድን ማወያየት መልካም ነው፤ ስለ ምን እንደሚወያዩ የሚያመጣው ሰው ከሌለ ግን ቡድኑ የወንበር አቀማመጥ ለውጥ ሆኖ ይቀራል።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ችግር እንዴት እንደ ተያዘ መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የሚባል መርሐ ግብር አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚያካሂደው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ነው። በዚያ ሁለት ነገሮች ትኩረቴን ስበውታል። አንደኛው፥ መምህራኑ በበጋ ዕረፍታቸው በሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነት ብቻ ተለይተው በዐውደ ጥናት መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው፥ የጽሑፍ ፈተናውን የሚያርሙት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአንድነት መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ታሪክ ፈተና ላይ በሰነድ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ተጨመረ፤ ተማሪው ያላያቸው ደብዳቤዎች፣ አዋጆችና ሥዕሎች ቀርበውለት ከእነርሱ ተነሥቶ እንዲከራከር ይጠየቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያርም መምህር በማግስቱ ክፍሉ ሲገባ እንደ በፊቱ ሊያስተምር አይችልም። ፈተናው መምህሩንም አስተማረው ማለት ነው።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ናይጄሪያ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1965 በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጸሐፍትና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በዐውደ ጥናት ተገናኝተው ነበር። ከዚያ የተገኙት ጽሑፎች በአዴ አጃዪና በኢያን ኤስፒ አዘጋጅነት የአንድ ሺህ ዓመት የምዕራብ አፍሪካን ታሪክ የያዘ፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ ወጣቸው። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና አምስተኛ ዓመቷ ነበር። ያስፈለጋቸው አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ቀናትና ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

ወደ ግሽ ዓባይ እንመለስ። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ምንጭ መመርመር ላስተምር ቢል፥ ከዚህ የተሻለ ስፍራ በአገራችን ብዙ አይገኝም፤ ምንጭ የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ሁለት ትርጉም አለው። በሰከላ ወረዳ ከምትገኘው ከዚህች ስፍራ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይወርዳል። ስለ ስፍራው ሦስት ዓይነት ምስክር አለ። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያንና የአገሬው ትውፊት ነው። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መከራ በደረሰባቸው ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ እንደ ሰጡ፥ ውኃውም ሳያርስ ጠብቆ እንደ መለሰላቸው ይተረካል። ሁለተኛው የኢየሱሳዊው የጴድሮ ጳኤዝ ጽሑፍ ነው። ጳኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1610 ዓ.ም. ምንጩን አይቷል፤ ዘንግ ሰድዶም ጥልቀቱን ለመለካት ሞክሯል። ሦስተኛው በ1763 ዓ.ም. ከዚያው የደረሰው የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፉ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተመልካች እኔ ነኝ ብሎ፥ ጳኤዝና ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀሮኒሞ ሎቦ በሥፍራው አልነበሩም ለማለት ብዙ ገጽ አጥፍቷል።

ለመሐንዲስ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ብሩስ ትልቅ ኳድራንት ተሸክሞ የመጣ ሰው ነበር። ለምንጩ የሰጠው የኬክሮስ መስመር ከ11 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ የሚል ሲሆን፥ ዛሬ በሳተላይት ከምናገኘው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ያው ሰው፥ መሣሪያው እንዲህ የታመነ ሰው፥ ከእርሱ 150 ዓመት በፊት ስለ መጣው ተጓዥ የሰጠው ፍርድ ግን ቆይቶ በታሪክ ምሁራን ዘንድ ውድቅ ሆኗል። በአንዱ ጉዳይ የታመነ ምስክር በሌላው ጉዳይ የራሱ ክብር ሲነካ ላይታመን ይችላል። ይህን በቃል ለተማሪ መንገር ቀላል ነው፤ የሁለቱን ሰዎች ጥቂት ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያገኘው ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው፥ የሚጠይቀውም መምህሩ አስቀድሞ ራሱ ያንን ሥራ ከባልደረቦቹ ጋር መሥራቱን ነው። እኛ ቀያሾች መነሻችን ላይ ተመልሰን የመዝጊያ ስሕተቱን ሳናሰላ ልኬታችንን አናስረክብም። የታሪክ ሰውም እንዲሁ አንዱን ምስክር በሌላው እየዘጋ የሚሄድ ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ስሕተት በሴንቲ ሜትር አለመነገሩ ብቻ ነው። የትውፊቱስ ነገር? የመጻሕፍቱ ታሪክ የኬክሮስ መስመር አይሰጠንም። ነገር ግን መጻሕፍት እንደ ነፍስ ይጠበቁ የነበረበትን ዘመን ስሜት፥ ምንጩም በአገሬው ዘንድ የነበረውን ክብር ከብሩስ ይልቅ ይነግረናል። የተለያየ ጥያቄ ለተለያየ ምስክር ይቀርባል።

ከዚያው ወረዳ ሳንወጣ የቅርቡን ዘመን እንመልከት። በኅዳር ወር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በአውሮፕላን ሰከላ አካባቢ ወርዶ፥ አስቀድሞ ወደ ጎጃም ከገባው ከሳንድፎርድ ጋር ተገናኝቷል። በቀጣዩ የካቲት ማለቂያ ጣልያኖች የቡሬን ምሽግ ለቅቀው ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። ይህ ዘመቻ በእንግሊዝ መኮንኖች መጻሕፍት እጅግ በዝርዝር ተጽፏል። ከዚያ በፊት አምስቱን ዓመት በጫካ የቆዩት የእነ መንገሻ ጀምበሬ፣ የእነ ነጋሽ በዛብህ፣ የእነ በላይ ዘለቀ ሥራ ግን በእነዚህ መጻሕፍት የሚታየው በመኮንኖቹ መነጽር በኩል ነው። የፍኖተ ሰላም ከተማ ራሷ፥ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው፥ ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የመመለስ ጉዞ ጋር በተያያዘ ነው። በዚያች ከተማ ታሪክ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያነብ ስታሊንግራድንና ኖርማንዲን ይሸመድዳል። ጦርነቱ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ማለፉን የሚነግረው መምህሩ ካልሆነ ማን ነው?

ከሁሉ ይልቅ ሙያችንን የሚነካው ግን የ1960ው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ ለአንድ የገጠር መንገድ ጥናት መሣሪያችንን በተከልንበት ቀን፥ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀረብ ብለው ቀላድ ልትጥሉ ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ቀላድ ቀድሞ መሬት የሚለካበት ገመድ መሆኑን ከቡድናችን ውስጥ ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በጎጃም ግን ቃሉ ተራ ቃል አይደለም። የርስት ባለቤት የሆነው ገበሬ መሬቴ ከተለካ ርስቴ ይነቀላል፥ ጭሰኛ እሆናለሁ ብሎ ስለሚሰጋ፥ ከነፃነት በኋላ የታሰበውን ልኬት አጥብቆ ተቃውሟል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ሲወጣ ያ ሥጋት እንደገና ተቀሰቀሰ። ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና ግብር ገማቾችን አናስገባም አሉ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን እስከ ማሰማራት ደረሰ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ መንግሥትም በግብሩ አፈጻጸም ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ስለ ገበሬ አመፆች በተጻፈ መጽሐፋቸው ይህን በሰፊው መርምረዋል። ከዚያ ወዲህ የ1967ቱ የመሬት አዋጅና በክልሉ የተካሄደው የ1989ኙ የመሬት ድልድል ሲጨመሩበት፥ ለዚያ ገበሬ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ምን ትርጉም እንደሚኖረው መገመት አያስቸግርም። አዛውንቱ የጠየቁት ያለማወቅ ጥያቄ አልነበረም፤ እንዲያውም በዚያ ሜዳ ላይ ከነበርነው ሁሉ ታሪክ ያወቁት እርሳቸው ነበሩ።

አንድ ሌላ ምሳሌ ባጭሩ ልጨምር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ሦስተኛ አንቀጽ፥ ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን በሚመለከት የውኃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ተጽፏል። መግታት ማለት ፈጽሞ ማስቆም ነው ወይስ መጠቀምንም ይጨምራል? የዚህ አንድ ግሥ ትርጉም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የግድብ መሐንዲስና የታሪክ መምህር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ሰነድ ቢፈለግ ከዚህ ወዲያ ወዴት ይኬዳል!

ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል። በዚያው ዓመት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ክርክሩ በራሱ አያስደነግጥም። ያሳዘነኝ አብዛኛው ክርክር የትኛው ምዕራፍ ይግባ፥ የትኛው ይውጣ በሚል ላይ መቆሙ ነው፤ መምህሩ በሚቃረኑ ምስክሮች መካከል ተማሪን እንዴት ይመራል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጠያቂ አላገኘም። የሁለተኛ ደረጃው ሸክምም ቢሆን አልቀለለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መምህራንንና ርእሰ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ ማሠልጠኑ መልካም ጅምር ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር መዘጋቱ ደግሞ የሁላችንም ሐዘን ነው። በተዘጋ ትምህርት ቤት ስለ ሰነድ ማንበብ ማውራት ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን በሮቹ በተከፈቱ ጊዜ መምህሩ ባዶ እጁን እንዳይገባ የሚዘጋጀው ከወዲሁ ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው። በእነዚህ መካከል ያሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የታሪክ መምህራን በአንድ አዳራሽ የማይበዙ ናቸው። ከ60ው ሰዓት 20ው እንኳ ለእነርሱ ለብቻቸው ቢሰጥ፥ አንድ ሰነድ ይዞ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ሰው ቢገኝ፥ የክረምት ተማሪዎች ስለየወረዳቸው የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ከመደርደሪያ ወርደው ቢባዙ ሥራው ይጀመራል። ከእኛ በኩልም የሚዋጣ አለ። የአሜሪካ የመሬት መልሶ ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባደረገው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 ያስረከባቸው ጥራዞች በየመሥሪያ ቤቶቻችን ይገኛሉ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የሚገኝበት የድንበር አካባቢ በዚያ ጥናት ውስጥ ለግድብ ታስቦ ነበር። ካርታዎቹ፣ የወንዝ ልኬቶቹና የአፈር መግለጫዎቹ ለእኛ ያረጁ የሥራ ወረቀቶች ናቸው፤ ለቡሬ የ12ኛ ክፍል የታሪክ መምህር ግን አይቶት የማያውቀው ሰነድ ነው። የጎጃምን ክፍል የሚመለከቱትን ገጾች መርጦ ማባዛትና ከአንድ ገጽ የቃላት መፍቻ ጋር መላክ ለማኅበራችን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ የቃላት መፍቻውን እኔ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነኝ።